ስልክ ቢዘጋም የማይዘጋ ሂሳብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው በዛሬው ዕለት አጭር ንግግር እንዳደርግ ሲያዘኝ ስለ ድንኳኑ ጥገና ወይም ስለ ውዝፍ መዋጮ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ ግን ስለ ስልክ ሆነ። በመካከላችን «እድርንና የስልክ ሂሳብን ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ በኮሚቴው ስብሰባም ላይ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የሚያገናኛቸው ለቅሶ ነው። እንዴት እንደሆነ እነሆ አስረዳለሁ።

እኔ የስልክ ባለሙያ አይደለሁም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሥራዬም ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመዝገብ ቤት ነበር። ነገር ግን «ያለ ሞዴል 19 ዕቃ ገቢ አይሆንም፣ ያለ ሞዴል 22 ወጪ አይሆንም» በሚባልበት ቤት ያረጀ ሰው ገንዘብ ያለ ወረቀት ሲወጣ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። ስለዚህ ጠይቄ፣ የልጅ ልጆቼን አስነብቤ፣ የተረዳሁትን ይዤ ቀርቤአለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ አባላችን ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ስሙን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ላይ ነበራችሁ። ባለቤቱም ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል። ይኸ ወንድማችን ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት በውሃ የተበላሸውን የሠርግ ፎቶግራፉን የሚያድስ አንድ አፕ በስልኩ ላይ አግኝቶ ነበር። አፑ «ሦስት ቀን በነጻ» ይላል። ፎቶግራፉም ታደሰለት፤ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያየነው ትልቁ ፎቶ እሱ ነው። ከሦስቱ ቀን በኋላ ግን አፑ በየሳምንቱ 6 ዶላር ከ99 ሳንቲም መቁረጥ ጀመረ። የሚቆርጠው ከማን ነው? ስልኩን ከአሜሪካ የላከችለት ልጁ የራሷን የባንክ ካርድ አስገብታበት ስለነበር ከእሷ ነው። በካርዷ ሂሳብ መግለጫ ላይ የሚወጣው የስልኩ ኩባንያ ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ ገንዘቡም ትንሽ ነው። የልጆቿ የጨዋታ ክፍያ መስሏት አለፈችው።

ከአርባው በኋላ ባለቤቱ ስልኩን አብሯቸው ለሚኖረው ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት። እሱም በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ የራሱን አካውንት አስገባ። ሰኔ ላይ ልጅቱ የካርዷን ሂሳብ ስትመረምር ገንዘቡ የሚሄደው በአባቷ አካውንት መሆኑን ደረሰችበት። ወዲያው ደወለች። «እማዬ፣ የአባዬን ስልክ አሁን የያዘው ማን ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይከብዳል። ልጁ ሌባ ተባለ። ከቤት ወጥቶ ጓደኛው ዘንድ ሰነበተ። ነገሩ ወደ ሽማግሌ መጣ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ እኔ ነበርኩ።

ለሽምግልና ስንቀመጥ እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ «የመጀመሪያው ደረሰኝ ቀኑ መቼ ነው?» ሰው ሁሉ ስለ ልጁ ጠባይ ይናገራል እንጂ ቀኑን ያየ አልነበረም። ሞባይል የሚጠግን አንድ የሰፈራችን ወጣት በሟቹ አካውንት ገብቶ ሲያየው ውሉ የተጀመረው ሐምሌ ውስጥ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳለ ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለውን ብቻ ብንቆጥር 35 ሳምንት፣ 244 ዶላር ከ65 ሳንቲም፣ የማንም እጅ ሳይነካው ሄዷል። ልጁ ነጻ ወጣ፤ እርቅ ወረደ። አክስቱ ሲስሙት ግን አንገቱን እንደደፋ ነበር።

እንግዲህ ኮሚቴው ይኸን ጉዳይ ወደ ጉባኤ ያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በየቤቱ ምን ያህል ተመሳሳይ ነገር እንዳለ አይታወቅም።

አሁን ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። በእኔ የሥራ ዘመን መሥሪያ ቤታችን አዲስ ዘመን ጋዜጣን በዓመት ደንበኝነት ይወስድ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ደብዳቤ ጽፈን፣ ገንዘብ አስወጥተን ካላሳደስን ጋዜጣው ይቀራል። የፖስታ ሣጥን ኪራይም እንደዚያው ነው። ዝም ካልክ ውሉ ይሞታል። በስልክ የመጣው አዲሱ ውል ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዝም ካልክ ውሉ ይኖራል። ወጣቶቹ «ሰብስክሪፕሽን» ይሉታል። ራሱን በራሱ ያድሳል፤ በየሳምንቱ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ወርቁ የሚሄደው ለእነሱ ነው።

እድራችንም በየወሩ ይወስዳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ያዡን ታውቁታላችሁ፣ ደብተራችሁ ላይ ይፈረማል፣ ቢበዛባችሁ እዚሁ ጉባኤ ላይ ተነሥታችሁ ትናገራላችሁ። ልዩነቱ ይኸ ነው። በየወሩ መክፈል በራሱ ክፉ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚጠቀምበት ሰው ቢከፍል ተገቢ ነው። ሳያውቁት መክፈል ነው ችግሩ።

የሚገባበትም መንገድ አንድ ዓይነት ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል በትልቁ ይጻፋል፤ ዋጋው ከሥር በደቃቁ፣ ለዓይን በማይጎላ ቀለም ይቀመጣል። ለእኛ ለመነጽር ሰዎች የሌለ ያህል ነው። ከዚያ አውራ ጣትህን አድርግ ወይም ፊትህን አሳይ ይልሃል። ጣት ማድረግ መፈረም ነው። ድሮ አሻራ ስናስደርግ እንኳ ጽሑፉ ይነበብለት ነበር እኮ!

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። አፑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ውሉን አያፈርስም። በዚህ ላይ አፕልም ጉግልም አንድ ናቸው። አንድ አባል ሰፈር ለቅቆ ስለጠፋ ስሙ ከእድሩ መዝገብ ይሰረዛልን? አይሰረዝም፤ ውዝፉ ይቆጠርበታል። ይኸም እንደዚያው ነው፤ መዝገቡ ያለው ስልኩ ላይ ሳይሆን እነሱ ዘንድ ነው። ከላይ በነገርኳችሁ ታሪክ ልጁ ስልኩን ጨርሶ ቢያጸዳውም ክፍያው የቀጠለው ለዚህ ነው።

የካርዱ ጊዜ ሲያልፍ ይቆማል የሚሉም አሉ። ይኸም አያስተማምንም። ውጭ አገር ያሉ ብዙ ባንኮች አዲስ ካርድ ሲሰጡ አዲሱን ቁጥር ለሚቆርጠው ድርጅት በራሱ የሚያስተላልፍ አሠራር አላቸው። ስለዚህ ውሉን እራሱን ማፍረስ ያስፈልጋል።

አፈራረሱ ከባድ አይደለም። ስልኩ አይፎን ከሆነ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ ከላይ የራስን ስም መንካት፣ ከዚያ «ሰብስክሪፕሽንስ» የሚለውን መክፈት ነው። በየጊዜው የሚቆረጠው ሁሉ ከነቀኑ ተዘርዝሮ ይታያል። የማይፈለገውን ነክቶ «ካንስል» ማለት ነው። ሳምሰንግ፣ ቴክኖና ሌሎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ከሆኑ ደግሞ «ፕሌይ ስቶር»ን ከፍቶ ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ነገር መንካት፣ «ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሰብስክሪፕሽንስ» ማለት ነው። ውሉ የተገባው በሌላ አካውንት ከሆነ ግን ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ባዶ አየሁ ብሎ መደሰት አይገባም። በየትኛው ኢሜይል እንደገባ ማጣራት ነው።

የነጻው ጊዜ ካለቀ በኋላ አይሆንም። አፕል ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ መሰረዝ አለበት ይላል። እኔ የምመክረው ነጻውን በጀመሩበት ዕለት ወዲያው መሰረዝ ነው። አንዳንዱ የነጻውን ቀን ይነፍጋል፤ ይንፈግ! ከሰረዙ በኋላ የስልኩን መስኮት ፎቶ ማንሣት ይገባል፤ ይኸ የእኛ ደረሰኝ ነው።

የሄደውን ገንዘብ ስለማስመለስም ልናገር። አፕል «ሪፖርት ኤ ፕሮብሌም» የሚባል ገጽ አለው፤ እዚያ ምክንያትን ጽፎ መጠየቅ ይቻላል። በጉግል በኩል በ48 ሰዓት ውስጥ ከጠየቁ ይቀላል፤ ካለፈ አፑን ወደ ሠራው ድርጅት ይልኳችኋል። መልሱ ሁልጊዜ እሺ አይደለም፤ ቢሆንም መጠየቅ ነው። በዝርዝሩ ላይ ጨርሶ የማይታይ፣ የካርድ ቁጥርን በቀጥታ ለድርጅቱ በመስጠት የተገባ ውልም አለ። እሱ የሚገኘው የባንኩን መግለጫ መስመር በመስመር በማንበብ ብቻ ነው።

ይኸ መጽሔት አሜሪካ ላሉ ልጆቻችን ስለሚላክ ለእነሱም አንድ ቃል ላስገባ። እዚያ አገር ከባንክ ሂሳብ በየጊዜው የሚቆረጥን ክፍያ፣ ከሚቆረጥበት ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለባንኩ በመናገር ማስቆም በሕግ ይቻላል። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ስሕተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ነው። እናንተ ልጆች፣ ለአባትና ለእናት ስልክ ስትልኩ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ካርዳችሁን ግን ከውስጡ አውጥታችሁ ላኩ፤ ወይም ያለ እናንተ ፈቃድ ምንም እንዳይገዛ ዝጉት።

ነገሩ የእኛ የሽማግሎች አለማወቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ፣ እንዲህ ያለ ውል በኢንተርኔት የሚያስገባ ድርጅት ዋጋውን በግልጽ እንዲናገርና ቀላል መውጫ እንዲሰጥ ታዟል። እንዲያም ሆኖ አማዞን የተባለው ታላቅ ድርጅት «ፕራይም» በሚለው ደንበኝነቱ ምክንያት ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ጥፋቱን ሳያምን 2 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ 1 ቢሊዮኑ ቅጣት፣ 1 ቢሊዮን ተኩሉ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። በክሱ እንደተገለጸው፣ ደንበኛው ሊወጣ ሲል የሚያልፍበትን መንገድ የድርጅቱ ሰዎች በመካከላቸው «ኢሊያድ» ብለው ሰይመውት ነበር። ኢሊያድ ስለ ትሮይ ጦርነት የተጻፈ ረጅም የግሪኮች ግጥም ነው። መውጫውን በረጅም የጦርነት ታሪክ የሰየመ ሰው ምን እንደሠራ ያውቃል! የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 «መውጣት እንደ መግባት ይቅለል» የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤት ሻረው። ጀርመኖች ግን ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ውል የሚያስገባ ሁሉ መሰረዣ ቁልፍ በግልጽ እንዲያስቀምጥ አስገድደዋል። ይኸኛው ደስ ይለኛል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የውጭ ካርድ የለኝም፣ ስለዚህ አይነካኝም የሚል ካለ ይታገሥ። የእኛ ሰብስክሪፕሽን የአየር ሰዓት ነው። ከአጭር ቁጥር መልእክት ይመጣል፤ የጤና ምክር ነው፣ የኳስ ዜና ነው፣ ሽልማት ነው። ለመመዝገብ አንድ ፊደል ወይም «ኦኬ» ብለው ይላኩ ይላል። የልጅ ልጅ ስልኩን ይዞ ሲጫወት ይልካል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል። በቀን 2 ብር ቢሆን በወር 60 ብር ነው፤ ይኸ ለአንዳንዶቻችን ትንሽ ገንዘብ አይደለም። «ካርድ ሞልቼ ሳልደውል አለቀ» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸው «ረስተሽው ነው እንጂ ደውለሻል» ይሏቸዋል። አልረሱም! መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ መላክ ብዙውን ጊዜ ያስቆመዋል። ካልቆመ የመስመሩን የደንበኞች አገልግሎት ደውሎ፣ ወይም ቅርብ ወዳለው ቅርንጫፍ መታወቂያ ይዞ ሄዶ እንዲዘጋ ማስደረግ ነው። መልእክቱን ግን አታጥፉት፤ ቁጥሩና ቀኑ ማስረጃ ነው። ይኸንኑ የማያነቡ ጎረቤቶቻችንን ስልክ እያየን ብንረዳቸው ይበጃል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ እድራችን ድርሻ እመጣለሁ።

ሰው ሲሞት ጥሩምባ እናስነፋለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ቀብር እናስፈጽማለን፣ እስከ ሠልስት እንቀመጣለን። በእነዚያ ቀኖች ስለ ስልክ የሚያነሣ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እቆጣዋለሁ። ነገር ግን ሐዘንተኞች ሳያስቡት የሚያደርጉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሲም ካርዱ ይጣላል ወይም ሳይሞላ ቀርቶ መስመሩ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ስልኩ ተጠርጎ ለሌላ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ በሟቹ አካውንት ገብቶ ውሉን ለማፍረስ ሲፈለግ፣ መግቢያው ቁጥር የሚላከው ወደዚያው ወደተዘጋው መስመር ይሆናል። የዚያ ልጅ ስም የጠራው ባለቤቱ የሟቹን ሲም በአሮጌ የቁልፍ ስልክ አኑረውት ስለነበር ነው። «ድምፁ ያለ ይመስለኛል» ብለው ነው ያኖሩት። ጥለውት ቢሆን ኖሮ ቀኑን ማየት ባልተቻለ፣ ልጁም ሌባ እንደተባለ በቀረ ነበር።

አፕልና ጉግል የሞት ምስክር ወረቀት የሚያቀርብ ቤተሰብ አካውንቱን እንዲያዘጋ ይፈቅዳሉ፤ ጊዜ ይወስዳል። በአይፎን ላይ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ሰው በሕይወት ሳለ «ከእኔ በኋላ ይኸ ሰው ይክፈተው» ብሎ ወራሽ መሰየም ይችላል። ይኸ ወራሽ ፎቶውንና ደብዳቤውን ያያል፤ የክፍያውንና የካርዱን ነገር ግን አያይም። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ካርዱን ላወጣው ባንክ መናገር ነው። ካርዱ የሟቹ ከሆነ ሞቱን፣ የልጁ ከሆነ ደግሞ ልጁ ራሱ እንዲያስቆም።

በመሆኑም ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። ከአርባው በኋላ ኮሚቴው ወደ ሐዘኑ ቤት የቀረውን ሂሳብ ይዞ ሲሄድ አንድ የሚያውቅ ወጣት አብሮ ይሂድ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ ስልኩን ከእነሱ ጋር ይይ፤ ካልፈቀደ ተመርቆ ይመለስ። እስከዚያ ሲሙ እንዳይጣል፣ ስልኩም እንዳይጠረግ በለቅሶው መጨረሻ ላይ ኮሚቴው አንድ ቃል ይናገር። በየቤታችንም በየጊዜው የሚቆረጥብንን ነገር በአንድ ወረቀት ጽፈን በእድር ደብተራችን ውስጥ እናስቀምጥ፤ የምን ክፍያ፣ ስንት፣ በማን ካርድ፣ በየትኛው ኢሜይል።

የምስጢር ቁጥር በዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ከአንድ የኮሚቴ አባል መጥቶ ነበር። እኔ አልቀበለውም። የምስጢር ቁጥር ለባል ወይም ለሚስት፣ ወይም ለሚታመን ልጅ ይነገራል እንጂ በእድር ደብተር ላይ አይጻፍም። ደብተሩ በገንዘብ ያዡ እጅ፣ በጸሐፊው እጅ፣ አንዳንዴም በጎረቤት እጅ ያልፋል። እኛ ብንተማመንም ነገ ገንዘብ ጠፋ ሲባል ደግሞ ሌላ ንጹሕ ሰው ይጠረጠራል፤ እንደገና ለሽምግልና መቀመጥ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ይኸ የቤተሰብ ምስጢር ነው፣ እድር አይግባበት» የሚል ነው። ይኸን ያሉት እትዬ እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ነው ቤተሰቡ ከፈቀደ ያልኩት። ነገር ግን ጠቡ ሲነሣ የተጠራው እድሩ ነው። ከጠቡ በፊት ብንጠራ ይሻላል ብዬ ነው።

ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ ሰብሳቢው ለድምፅ ያቀርቡታል። እስከዚያው ከስብሰባው በኋላ ሁለት ወጣቶች በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ስልክ የያዘ ሁሉ ይምጣና ያሳይ፤ መነጽራችሁን አትርሱ። ክፍያ የለውም። ከመሐላችን ከሦስት ቀን በኋላ የሚያስከፍል የለም።